የቶርሞድ ገመድ

በስካራቪክ መንደር እሑድ ጀልባ አይነሣም፣ የታጠበ ልብስ ውጭ አይሰጣም፤ ቀልደኛው ሩሪ እንደሚለው ዶሮዎቹም ቢሆኑ እንቁላላቸውን ይዘው ሰኞን ይጠብቃሉ። ያን የመሰለ ጉድ ከቀን ሁሉ መርጦ በእሑድ መምጣቱ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ፊንሌይ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከፊቱ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ያያል። ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ተገልጧል። አሸዋው ላይ ጥቁርና ትልቅ ነገር ተጋድሟል። ፊንሌይ መጀመሪያ የተገለበጠ ጀልባ መስሎት «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ ጅራቱን አየ። ጀልባ ጅራት የለውም።

«አይሆንም!» አለ ጮክ ብሎ። «እኛ ጋ አይሆንም!»

እንዲህ ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፊንሌይ ሥልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሸርጣን ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «አፍንጫው» ከሚሉት ተራራ ማዶ አንድ ዓሣ ነባሪ በገመድ ታንቆ ሲሞት አይቷል። ጀልባው አጠገብ ነበር፣ ቢላዋ በእጁ ነበር፣ ግን አልደረሰለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን እረፍት ነሣ።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። የሸርጣን ወጥመድ ለብቻው አይጣልም፤ ሃምሳ ወጥመድ በአንድ ረጅም ገመድ ተያይዞ ባሕሩ ወለል ላይ ይዘረጋል። የድሮው ገመድ ቀላል ስለነበር በወጥመድና በወጥመድ መካከል ወደ ላይ ይንሳፈፍና እንደ በር ቅስት ሆኖ ይቆማል። ዓሣ ነባሪ ምግቡን እያሳደደ በዚያ በር ሲያልፍ ይጠለፋል። ዓሣ ብንለውም እንደኛው አየር የሚስብ ፍጡር ነውና፣ ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው ይሰጥማል። አዲሱ ገመድ ግን ከባድ ነው፤ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛል፣ ማንንም አይጠልፍም። ክፋቱ ድንጋይ ላይ እየተፋተገ ቶሎ ያልቃል፣ እጅ ይልጣል፣ ሲያነሡት ጭቃውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል።

ፊንሌይ ይህን አዲስ ገመድ ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፣ ተመልሶ ለመነ። «አቶ ገመድ» የሚል ስም ወጣለት፤ ስም አውጪው ያው ሩሪ ነው፣ ጎረቤቱና የልጅነት ጓደኛው። ካለፈው ክረምት በፊት ግን በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስበው አሥራ አንዱም የጀልባ ባለቤቶች እጃቸውን አነሡ። ስምምነቱ አጭር ነበር፤ ሁሉም ይቀይራል፣ አንዱ ቃሉን ካፈረሰ ግን ሌላውም አይገደድም፣ ወደ ድሮው ይመለሳል። ፊንሌይ ያን ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ የተናገረውን የማያስታውስ የለም።

«አንዲት ቁራጭ እንዳትቀር! ለአንድ ዓሣ ነባሪ አንዲት ቁራጭ ትበቃዋለች!»

እና አሁን ይኸው። የእሑድ ጫማውን እንዳደረገ በአሸዋው ላይ እየሮጠ ወረደ።

ዶክተር ኢሽቤል ቀድማው ደርሳ ነበር። ከከተማ የምትመጣ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ባሕር የተፋውን ሬሳ ሁሉ የምትመረምር እሷ ናት፣ እሑድ ሰኞ አታውቅም። ጅራቱ አጠገብ ተንበርክካ የባሕር አረሙን በእጇ ትጠርጋለች። ዓሣ ነባሪው ገና ያልጠና ነበር፤ ቢሆንም ቁመቱ ከፊንሌይ ጀልባ አይተናነስም። ዓይኑ ክፍት ነው። ገመዱ ጅራቱ ሥር ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ሥጋውን በልቶ፣ ነጩ አጥንት ጋ ደርሷል። ፊንሌይ አፉን በእጁ ያዘ።

«ብዙ ታግሏል» አለች ኢሽቤል ቀና ሳትል። «ሁለት ቀን፣ ምናልባት ሦስት። ና እስቲ፣ ይሄን የምታውቀው አንተ ነህ።»

የባሕር አረሙን ገለጥ አድርጋ የገመዱን መጋጠሚያ አሳየችው። መጋጠሚያው ውስጥ ቀይና ነጭ የሱፍ ክር ተጎንጉኖበታል።

ፊንሌይ ክው አለ። አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

በስካራቪክ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ክር አለው። ሁለት ገመድ ሲቀጣጠል የቤቱ ክር በመጋጠሚያው አብሮ ይጎነጎናል፤ ባሕር የወሰደው ዕቃ አንድ ቀን ሲገኝ ለባለቤቱ የሚመለሰው በዚያ ነው። ቢጫው የሩሪ ነው፣ አረንጓዴው የፊንሌይ። ቀይና ነጩ የቶርሞድ ነው፤ የፊንሌይ ታላቅ ወንድም። ቶርሞድ ደግሞ ከአራት ወር በፊት ሞቷል።

አጥማጅ ሲሞት ሚስቱ የሱ ክር ከየቁራጩ እንዳይጎድል አድርጋ ገመዱን በጀልባዎቹ ልክ ትቆራርጠዋለች። እያንዳንዱ ጀልባ አንዳንድ ቁራጭ ይወስድና ከራሱ ገመድ ጋር ይቀጥለዋል። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ሟቹ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር እየወጣ ነው ማለት ነው። ይህን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ያስቀረውም የለም። አሥራ ሁለተኛው የጀልባ ባለቤት ቶርሞድ ከስብሰባው በፊት ታሞ ያን ክረምት ሙሉ አልጋ ላይ ስለነበር ገመዱን ሳይቀይር ሞተ። ሚስቱ ኤፊ ቆራርጣ ያደለችው የድሮውን፣ ተንሳፋፊውን ነው።

ፊንሌይ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቁራጩን ይዞ ጎተራው ውስጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት ቆሟል። ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ምስማር መታ። ከዚያ ወንድሙ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ እሱ ብቻውን ባሕር ሲወጣ ታየውና አልቻለም። «ለአንድ ዓመት ነው» አለ ለራሱ። «አንዲት ቁራጭ ምን ታመጣለች?» ወንበር ላይ ወጥቶ የጮኸው ሰውዬ ይህን አለ! ሌሎቹ ቁራጫቸውን የት እንዳደረሱት አልጠየቀም፤ እሱ ራሱ ሰብኳቸው የለ፣ ሰቅለውት ይሆናል ብሎ ገመተ። ባለፈው ሐሙስ ገመዱን ሲያነሣ ልክ የቶርሞድ ቁራጭ ላይ ተበጥሶ አገኘው። «ድንጋይ ነው» አለ። ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን አይሰንፍም።

በዚህ መሃል ሰዉ ደረሰ። ሩሪ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ክሩን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የማን ነው?» አለች ኢሽቤል።

«የሞተ ሰው ነው» አለ ሩሪ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ቶርሞድ አምና በማዕበሉ ጊዜ አንድ መስመር ሙሉ ጠፍቶበት ነበር። ያ ነው የሚሆነው። የጠፋ ገመድ ነው።»

«ልክ ነው፣ የጠፋ ነው» አለ ሌላው።

«የጠፋ ነው እንጂ!» አለ ሦስተኛው።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሲበዛ ፈጥነው ነቀነቁ፤ ፊንሌይ ግን በዚያ ሰዓት ይህን የሚያይ ዓይን አልነበረውም።

«የጠፋ ከሆነ የሚደረግ ነገር የለም» አለች ኢሽቤል ጓንቷን እያወለቀች። «ሥራ ላይ ያለ ገመድ ቢሆን ግን ዛሬውኑ ይነሣ እል ነበር። እናቱ እዚያው ናት።» በአገጯ ወደ አፍንጫው ተራራ አመለከተች። ከተራራው ጥግ ነጭ ትንፋሽ ሽቅብ ወጣና ተበተነ። ሁለቱ ሳምንቱን ሙሉ አብረው ሲዞሩ መንደሩ ሁሉ አይቷቸዋል። አሁን አንዷ ብቻዋን ትዞራለች።

ያኔ ኤፊ መጣች። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን እንዳደረገች ሰዉን በክርኗ እየገፋች አልፋ ጅራቱ ጋ ደረሰች። ሊከለክላት የደፈረ የለም። ክሩን በጣቷ ነካችው።

«ይሄን ክር ያቀለምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቶርሞድ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ሙት ምን ያውቃል ኤፊ፣ ተይው» አለ ሩሪ።

«ዝንብ እንኳ በመስኮት አውጥቶ የሚለቅ ሰው ነበር።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው የባሰው። «በሞተ በአራት ወሩ ይግደል? ይሄ ምን ዓይነት ቅጣት ነው?»

ፊንሌይ አሸዋው ላይ እንደተቀመጠ ነው። በልቡ ይሟገታል። ቢናገር ምን ይተርፋል? የሱ ቁራጭ ተበጥሳ ይኸው ጅራቱ ላይ ናት፤ ከእንግዲህ ማንንም አትገድልም። ቢናገር ግን ስምምነቱ ፈረሰ ማለት ነው፤ ሩሪ ነገ ጠዋት የድሮውን ገመድ ያወጣል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል፣ ስንት ዓሣ ነባሪ ያልቃል! ዝም ማለት ለነሱም ይሻላል። ወንድሙ እንደሆነ ሞቷል፣ ስም ምን ያደርግለታል? እንዲህ ሆኖ ሲደረደር ክፋት ደግነት ይመስላል።

ኤፊ ወደሱ ዞረች።

«ፊንሌይ፣ ታሞ ነው እንጂ ይቀይረው ነበር አይደል? አንተ ብትነግረው እምቢ አይልም ነበር። አይደል ወንድሜ?»

«የኔ ነው» አለ ፊንሌይ።

«ምኑ?»

«ገመዱ የኔ ነው። የሰጠሽኝን ቁራጭ ቀጥዬው ነበር። ሐሙስ ተበጥሶ አገኘሁት። ቶርሞድ ምንም የጠፋው ነገር የለም፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ፊንሌይ ራሱን ደፍቶ የሩሪን አፍ ጠበቀ። ሩሪ ለቀብር እንኳ ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፤ ለዚህማ ዕድሜ ልኩን የሚበቃው ስንቅ አገኘ። «አቶ ገመድ ታነቀ» ይላል፤ ከዚያ ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ድሮው ገመድ ይመለሳል።

ሩሪ ግን ጫማውን ያያል።

«የኔ ከትንሿ ደሴት ጀርባ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምንህ?»

«ቁራጬ ነዋ!» ሩሪ ጮኸበት። «ምን ታፈጥብኛለህ? ቶርሞድ ያንተ ወንድም ብቻ ነበር እንዴ? ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው! ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር?»

ፊንሌይ የሰማውን ማመን አቃተው። አፉን ከፍቶ ሳይዘጋው ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔም ውስጥ ነው። ሰሜን በኩል።»

«የኔም።»

«እኔም ቀጥዬዋለሁ። ለአንድ ዓመት ብዬ።»

አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ከሩሪ ጋር ዘጠኝ ሆኑ። እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ወደ አሸዋው፣ ወደ ባርኔጣቸው፣ ወደ ሰማይ። እያንዳንዱ መንደሩ ሁሉ ቃሉን ሲጠብቅ እሱ ብቻ ያፈረሰ እየመሰለው ለአራት ወር ሳምንት ከሳምንት ባፈረ ዓይን ፊንሌይን ሲያይ ኖሯል። ፊንሌይም እነሱን። የዚያ ሁሉ ራስ መነቅነቅ ምስጢር አሁን ገባው። የጠፋ ነው፣ የጠፋ ነው!

ኢሽቤል ይህን ልማድ አታውቅም ነበር። ቀስ ብሎ ሲገባት ቆመች።

«ቆይ» አለች። «ቆይ እስቲ። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚያ ታች ዘጠኝ በር ተከፍቶ ቆሟል ነው የምትሉኝ?»

«አሥር» አለ ከኋላ የሻከረ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ሙርዶ ነው። ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ቢቀረውም ጀልባውን ያልተወ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ በእሑድ ብስክሌት ሲነዳ ያገኘውን ቱሪስት ገሥጾ በእግሩ የሰደደ ሰው። የልማዱንም ነገር «የአረማውያን ነው» እያለ ሲያወግዝ የኖረ እሱ ነው።

«የኔንም አትርሱት» አለ በከዘራው አሸዋውን እየቆረቆረ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። «ልጁ ደግ ነበረ። ምን ላድርግ?»

በሌላ ቀን ቢሆን የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ከተራራው ጥግ ትንፋሹ እንደገና ወጣ፤ ከቅድሙ ይልቅ ወደ ትንሿ ደሴት ተጠግቷል። ሁሉም ወደ ጀልባዎቹ አየ፤ ቀጥሎ ወደ ሙርዶ። በስካራቪክ በእሑድ ሞተር ተነሥቶ አያውቅም። በጦርነቱ ዘመን እንኳ አልተነሣም ይላሉ።

ሙርዶ ዓይኑን ጨፈነ።

«በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማን ነው ተብሏል። ይቺ ደግሞ ከበሬም ትተልቃለች። ሂዱ። ሸርጣኑን ግን ልቀቁት፤ አንዲት ሸርጣን ለእራት ቀርባ የሰማሁ እንደሆነ ከኔ ጋር ነው ጠባችሁ።»

ከረባታቸውን እንዳሰሩ ወጡ። ፊንሌይ የሚያነሣው ነገር ስላልነበረው የሩሪ ጀልባ ላይ ተሳፈረ። ትንሿ ደሴት ጀርባ ደረሱ። ሩሪ የገመድ ማንሻ ሞተሩን አስነሣው፣ ፊንሌይ ወጥመዶቹን እየተቀበለ ከፈተ፣ ሸርጣኖቹ ወደ ውሃው ተመለሱ። ከሃያው ወጥመድ በኋላ ቀይና ነጩ ክር ብቅ አለ።

ሩሪ ማንሻውን አቆመ።

የገመዱ መሃል ተልጦ እንደ ጸጉር ቆሟል። ክሮቹ መሃል የመዳፍ ያህል ጥቁር ቆዳ ተሰክቷል፤ እርጥብ ነው፣ ደም አለው። ከሰዓታት አይበልጠውም።

«ገብታበት ነበር» አለ ፊንሌይ። «ዛሬ። እኛ መዝሙር ስንዘምር ገብታበት ነበር።»

ሩሪ፣ አፉ የማይዘጋው ሩሪ፣ ቆዳውን ሊያነሣ እጁን ዘርግቶ መለሰው። ከጀልባው በስተግራ ውሃው ተከፈለና ትልቁ ጀርባ ቀስ ብሎ ወጣ፤ በጎኗ ላይ ረጅም ቀይ ጭረት አለ። ተነፈሰች። ትንፋሿ የዓሣ ሽታ ይዞ ሁለቱም ላይ ወረደ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ልጇ ወዳለበት አቅጣጫ ዞራ ጠለቀች። ሩሪ በእሑድ እጅጌው ፊቱን ጠረገ።

«ስምምነቱ አንዱ ካፈረሰ ሌላው ወደ ድሮው ይመለሳል ነበር የሚለው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሁላችንም አፍርሰን ማን ወዴት ይመለስ?» ቢላዋውን አውጥቶ የቶርሞድን ቁራጭ ከሁለት በኩል ቆረጠው። «ዝም ብለህ ጎትት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥሩም ቁራጭ ወደቡ ላይ ተከመረ። ኤፊ የገመድ ክምሩ አጠገብ የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። ባርኔጣዋን አውልቃለች፤ እጇ ላይ ኪሮሽ ይዛለች። የመጀመሪያውን ቁራጭ ጭኗ ላይ አድርጋ በኪሮሹ መጋጠሚያውን ፈታችና ቀይና ነጩን ክር ጎትታ አወጣች። ገመዱን ወደ ጎን ጣለችው። ሁለተኛውን አነሣች።

ወንዶቹ ዙሪያዋን ቆመው ያያሉ። ተቆጥታ ብትሰድባቸው ይቀላቸው ነበር።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች ዓይኗን ከእጇ ላይ ሳታነሣ። «ስቆርጠው የድሮው መሆኑን አውቅ ነበር። ትሰቅሉታላችሁ ብዬ ነው። አይ ውሸቴን ነው፤ ትቀጥሉታላችሁ ብዬ ነው። ባሕር ላይ እንዲሆን ፈልጌ ነው።»

አሥሩን ሁሉ ፈትታ ስትጨርስ ክሩ በእቅፏ ትንሽ ክምር ሆነ፤ ከአንድ ሕፃን ካልሲ አይበልጥም። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ግን እኮ ቶርሞድ ገመዱ አልነበረም። ገመዱማ ከሱቅ የመጣ ነው። እሱ ክሩ ነበር። ክሩን ብቻ አውጥታችሁ አዲሱ ገመድ ላይ ብትጎነጉኑት ምን ነበረበት? ምነው ከዚህ ሁሉ ሰው አንዳችን እንኳ ሳናስበው?»

ኤፊ ተነሥታ ለእያንዳንዱ ቁንጥር ቁንጥር ክር መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ፊንሌይ ዘንድ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ለሱም ሰጠችው።

ሰኞ ጠዋት፣ ባሕሩ ሬሳውን መልሶ ሳይወስደው በፊት፣ ፊንሌይ ጎተራው ውስጥ ተቀምጦ የከባዱን አዲስ ገመድ መጋጠሚያ ፈታ። የወንድሙን ክር ከአረንጓዴው ጋር አድርጎ ጎነጎነው፣ አጠበቀው፣ ጫፉን በቢላዋ አስተካከለ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።